ከሁለቱ ወንድሞቻችን አንዱን አገኘሁት

ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ደመቀች፣

እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ሐሴትስ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? እማዬ የዓይን ጠብታዋን ትጨምራለች ወይስ ዛሬም «እግዚአብሔር ያየኛል» እያለች ጠርሙሱን መስኮት ላይ ትተወዋለች? የአዳማ ንፋስ ጀምሮ ይሆናል፤ ጉንፋን እንዳይጥላችሁ ተጠንቀቁ። እኔም፣ ስለሺም፣ ሶሲም በጌታ ምሕረት በሥጋ ደህና ነን። በሥጋ ያልኩሽ ያለ ነገር አይደለም፤ ስታነቢ ትደርሺበታለሽ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን አሁን ወረቀት መላኬ ግራ እንደሚያጋባሽ አውቃለሁ። በስልክ ልነግርሽ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ነገር ግን አንቺ ጋ ስደውል እማዬ ከአጠገብሽ አትጠፋም፤ ብትጠፋም ድምፅሽ እንደተለወጠ ከማንም ቀድማ ትሰማለች። ስለዚህ ይህን ለወርቅዬ ሰጠኋት። ወርቅዬ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ናት፤ ለእህቷ ሠርግ አዲስ አበባ ትመጣለች። አዳማ ድረስ ወርዳ ከአንቺ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ ነግሬያታለሁ። ምን እንደተጻፈበት አታውቅም። አሁን እማዬ በአጠገብሽ ካለች እዚህ ላይ አቁሚና አጥፈሽ ያዢው። ቤቱ ጭር ሲል ብቻሽን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርሽ። ዮፍታሄ በሕይወት አለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አቅፌዋለሁ፣ አብሬው በልቻለሁ። ስለ ፍራኦል ደግሞ ነገሩ እንደ አመጣጡ እነግርሻለሁ። ልብሽ ከወዲሁ የሚልሽን ይልሻል፤ ቢሆንም እስክጨርስ ታገሺኝ።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ ነው። ናኦሚን በስም ታውቂያታለሽ፤ ሆስፒታል አብራኝ የምትሠራው፣ ሺፍቴ ሲረዝም ሶሲን ከትምህርት ቤት የምታመጣልኝ። እሷና ባለቤቷ የጋብቻ በዓላቸውን ሊያከብሩ ጣሊያን ሄደው ነበር። ከሮም አንድ ቀን መኪና ተከራይተው ተራራ ላይ የተሠራች አንዲት ጥንታዊት ከተማ ሊያዩ ይወጣሉ። ከተመለሱ በኋላ እሁድ አምልኮው ሲያልቅ ፎቶዎቹን እያሳየችን ነበር። ባሏ የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀምጦ አይስክሬም የሚበላበት አንድ ፎቶ አለ። ከባሏ ኋላ አንድ ጥቁር ሰው ድንጋይ የተሞላ የእጅ ጋሪ ይገፋል። ናኦሚ «ይሄ እኮ የእኛ ሰው ነው። በአማርኛ ሰላም ስለው መለሰልኝና ወዲያው ፊቱን አዙሮ ሄደ» አለች። እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው የነገረችን። ስልኳን ተቀብዬ ፎቶውን በጣቴ አሰፋሁት። ፊቱ በከፊል ብቻ ነው የሚታየው። አንገቱ ላይ ግን በልጅነቱ የፈላ ውሃ ሲደፋበት የወጣው ጠባሳ ከጆሮው ሥር እስከ ትከሻው ይወርዳል። ያን ጠባሳ በቅባት እያሸሁ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ናኦሚ ምን ሆንሽ ስትለኝ ምሳ አልበላሁም አልኳት።

ለስለሺ ብቻ ነገርኩት። «ሰው እኮ ይመሳሰላል፤ ያን ያህል መንገድ ሄደሽ እሱ ባይሆንስ?» አለኝ። «ካልሆነ እመለሳለሁ» አልኩት። እሱም በማግሥቱ ዳውንታውን ያለው ካዚኖ፣ ጥበቃ የሚሠራበት ማለቴ ነው፣ ሄዶ ሶሲን እንዲይዝልኝ የቀን ሺፍት ለመነ። በመስከረም መጨረሻ ለሥልጠና ወደ ሌላ ስቴት እሄዳለሁ ብዬ የነገርኳችሁ ያን ጊዜ ነው። ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ሶሲ አልጋው ላይ ተንጋላ «ማሚ፣ ጣሊያን እዚህም አለ እኮ፣ ስትሪፕ ላይ» አለችኝ። መጀመሪያ አሜሪካ ስመጣ አልጋ ያነጠፍኩበትን፣ ትልልቆቹ ካዚኖዎች ባሉበት ጎዳና ላይ ያለውን ሆቴል ማለቷ ነው። ጣሪያው ላይ ሰማይ ሥለው፣ ከሥሩ ውሃ አስገብተው፣ የጣሊያንን ከተማ አስመስለው የሠሩት ነው። ለልጅ እንዴት ይነገራል? «ዋናውን ላየው ነው» አልኳት።

ሮም የስለሺ የድሬዳዋ አብሮ አደግ አድናን አለ። ከኤርፖርት ተቀብሎ ቤቱ አሳደረኝ፤ ሚስቱም እንደ እህት ነው የያዘችኝ። በማግሥቱ ጠዋት በራሱ መኪና ይዞኝ ወጣ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ግራና ቀኙ የታረሰ መሬት፣ የወይን ተክል፣ አልፎ አልፎ የበግ መንጋ። አድናን ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው፤ ስለ ሮም ትራፊክ እያወራ ሊያስቀኝ ይሞክር ነበር። እኔ የሚለውን እሰማለሁ እንጂ አይገባኝም። አንድ ነዳጅ ማደያ ቆመን ቡና ቢገዛልኝ ሳልጠጣው በረደ። ያኔ «ብናገኘው ምን ትይዋለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አላሰብኩበትም ነበር።

ከተማዋ ከሩቅ ነው የምትታየው። ሜዳው መሃል አንድ ትልቅ አለት ለብቻው ቆሟል፤ ጎኑ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ቤቶቹ ከአለቱ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል፤ አለቱ የት እንዳበቃ፣ ግድግዳው የት እንደጀመረ አይለይም። ስሟን አልጽፍልሽም። ለምን እንደሆነ ኋላ ላይ ትረጂዋለሽ። መኪናውን ከሥር ፓርክ አድርገን አለቱን ፈልፍለው በሠሩት አሳንሰር ወጣን። ላይ ስትደርሺ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ድንጋይ የተነጠፈበት፣ ሰው በሰው ላይ። ነጭና ጥቁር ድንጋይ እያፈራረቁ የሠሩት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አለ። ፊት ለፊቱ ላይ የፍርድን ቀን ቀርጸውበታል፤ ሰይጣናት ሰዎችን በፀጉራቸው እየጎተቱ ሲወስዱ ይታያል። ሰዉ እየተጋፋ ፎቶ ያነሳል። እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ዓይኔ የሚያልፈውን ጥቁር ሰው ሁሉ ነበር የሚከተለው።

ናኦሚ ፎቶ ያነሳችበትን ደረጃ አገኘነው። ከጎኑ የሸክላ ሳህን የምትሸጥ አንዲት ሴት ሱቅ አላት። አድናን ፎቶውን ሲያሳያት ገና አይታ ሳትጨርስ «ዮፊ» አለች። ምኑ ናችሁ ብላ ጠየቀች። አድናን ወደ እኔ አመልክቶ እህቱ ናት ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። ለእነሱ ዮፍታሄ ቤተሰብ የሌለው ሰው ነበር። እሱ ራሱ ነው እንዲያ ብሎ የነገራቸው። የተናደውን የከተማውን አሮጌ ግንብ ከሚጠግኑት ጋር በስተ ዳር እንደሚሠራ ነገረችን፤ ሱቋን ክፍት ትታ እስከ መታጠፊያው ሸኘችን።

ተንበርክኮ ድንጋይ ከድንጋይ ያገጣጥማል። ጀርባውን ነው ያየሁት። አብሮት የሚሠራው ሽማግሌ አይቶኝ ነገረውና ዞረ። ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ «ማን ነገረሽ?» አለኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ሄጄ አቀፍኩት። እጁ ሲሚንቶ ነበረና ልብሴን እንዳያበላሽ ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ቆመ። ላቡ እንደ አባዬ ላብ ነው የሚሸተው። ታናሼ ነው፤ ፀጉሩ ግን ከእኔ ይልቅ ሸብቷል።

ሽማግሌው ሂድ አለው። እጁን ታጥቦ መጣና ግንቡ አጠገብ ሸለቆው ቁልቁል የሚታይበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አድናን «እኔ ከተማውን ልይ» ብሎ ተወን። ዮፍታሄ አማርኛ የሚያናግረው ሰው ስለሌለ ቃል ሲፈልግ ይዘገያል። «እማዬስ?» አለ። አለች፣ ዓይኗ ደክሟል እንጂ ደህና ናት አልኩት። ስለ አንቺ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። «አባዬስ?» አለ።

ይህን እንደማያውቅ ረስቼ ነበር። እንደምን ረሳሁት? መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቂያለሽ። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ በማለዳ በሩ ይንኳኳል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚደግፈው ሰው በግራና በቀኝ ይቆማል። እኔ ብቻዬን፣ አይስክሬም የያዘ ሰው ፊታችን እየተመላለሰ፣ «አባዬ አርፏል፤ አራት ዓመቱ ነው» አልኩት። አልጮኸም። የሹራቡን እጅጌ ነክሶ ጎንበስ አለ። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አንድ ፈረንጅ ቆም ብሎ አየንና ሚስቱ ጎትታ ወሰደችው። ቀና ሲል «ሬሳውን ማን ተሸከመው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጋሽ ባዘዘውና የሰፈር ልጆች አልኩት። «የሰፈር ልጆች» ብሎ ደገመው።

ፊቱን እስኪጠርግ ጠበቅኩትና «ፍራኦልስ?» አልኩት።

እትዬ፣ የነገረኝን አሳጥሬ እጽፍልሻለሁ፤ የነገረኝም በአጭሩ ነው። ሊቢያ ውስጥ ብዙ ወር መጋዘን ውስጥ ተዘግቶባቸው ነበር። እዚያ ምን እንዳዩ አልተናገረም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። በመጨረሻ ወደ ባሕሩ ዳር አውጥተው የላስቲክ ጀልባ ላይ አሳፈሯቸው። ፍራኦል ውሃ እንዴት እንደሚፈራ ታስታውሻለሽ፤ ሶደሬ እንኳ ሲወስዱት ከዳር ቆሞ ጫማ ይጠብቅ ነበር። ዮፍታሄ ማዕበሉ ከጠርዙ ላይ እንዳይወስደው ብሎ መሃል፣ ከጀልባዋ ወለል ላይ አስቀመጠው። እሱ ራሱ ጠርዙ ላይ አንድ እግሩን ወደ ባሕሩ አንጠልጥሎ ተቀመጠ። «ደህናውን ቦታ ለእሱ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር» አለኝ። ነዳጅ የያዙት ጄሪካኖች ጀልባዋ ስትናወጥ ፈሰሱ። ነዳጁ ከባሕሩ ውሃ ጋር ወለሉ ላይ ተጠራቀመ። ጠርዝ ላይ ያሉት ንፋስ ያገኛቸዋል። መሃል የተቀመጡት ግን የሚተነፍሱት የነዳጁን ትነት ነው። ፍራኦል አስቀድሞ ራሴን አዞረኝ አለ። ቆይቶ ደግሞ እንቅልፌ መጣ አለ። ዮፍታሄም «ተኛ፤ ስንደርስ እቀሰቅስሃለሁ» አለው።

መርከብ ደርሶላቸው ሰዉ ሲነሣ መሃል ከነበሩት ብዙዎቹ አልተነሡም። ከዚያ በፊት ጀልባዋ እንድትቀል ሬሳውን ወደ ባሕሩ እንጣል ያሉ ነበሩ። ዮፍታሄ ፍራኦልን ከላይ ሆኖ በእጁም በእግሩም ይዞ አልሰጥም አለ። ስለዚህ ፍራኦል መቃብር አለው፣ እትዬ። ሲሲሊ ውስጥ አንድ የወደብ ከተማ ተቀብሯል። ወንድሙ ቆሞ ነው የተቀበረው፤ ስሙም የአባዬም ስም ድንጋዩ ላይ በትክክል ተጽፏል። ዮፍታሄ በየዓመቱ እየሄደ ዙሪያውን ያጸዳል። ይህን ለእማዬ ስትነግሪያት አትርሺ፤ ባሕር በልቶት አልቀረም።

ታዲያ ለምን አልደወልክም አልኩት። ቤት ለቀው ሲወጡ እማዬ በሩ ላይ የፍራኦልን እጅ ይዛ በዮፍታሄ እጅ ውስጥ አድርጋ «አደራህን» እንዳለችው የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። እሱም ያንኑ ነው የነገረኝ። «ብደውልላት ድምፄን ሰምታ እልል ትላለች። ከዚያ 'ፍራኦልን አገናኘኝ' ትለኛለች። ስልኩን ለማን ልስጥ?» አለኝ። ከዚያም «ሁለታችንም ከጠፋን ግን ለእሷ ሁለታችንም አለን» አለ።

ይህን ሲለኝ ተናደድኩ። ያዘንኩለትን ያህል ተናደድኩበት። እማዬ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አርብ አርብ እንደምትጾም ነገርኩት። የሰፈር ሰዎች «እንግዲህ እርምሽን አውጪ» ቢሏት ከቤቷ አስወጥታ እንደመለሰቻቸው፣ ከዚያ ወዲህ ከእነሱ ጋር ለቅሶም ሠርግም እንደማትሄድ ነገርኩት። አባዬ ሊያርፍ ሲል ፊቱን ወደ በሩ አዙሩልኝ ማለቱንም አልደበቅኩትም። «እሷ አላለቀሰች፣ አልተደሰተች። መሃል ላይ አንጠልጥለህ ነው የተውካት» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። ሌላ ማስተባበያ አላቀረበም። ቢከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

አድናን ሲመለስ ወደ ቤቱ ወሰደን። ከአንድ አሮጊት ቤት ሥር ያለ፣ ግማሹ አለቱ ውስጥ የተፈለፈለ አንድ ክፍል ነው። አልጋ አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ የሥራ ቡትስ ጫማ በሩ አጠገብ አለ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። ፓስታ ቀቀለልን። ለእኔ ጎድጓዳውን ሳህን ሰጥቶ እሱ ከድስቱ በላ። አድናን ስለ ድሬዳዋ እያወራ አየሩን ባያላላው ኖሮ አንዳችንም አንጎርስም ነበር። አንድ ጊዜ ዮፍታሄ ሳቅ ብሎ ነበር፤ ጥርሱ እንደ ድሮው ነው። ወዲያው ደግሞ ያፈረ መሰለ፤ ተነሥቶ ሳህን ማጠብ ጀመረ።

ሳህኑን እያጠበ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ «እንዳላገኘሽኝ ሁኚልኝ» አለኝ። «ፎቶው ላይ ያለው ሌላ ሰው ነው በያቸው።» አልችልም አልኩት። እማዬን በየሳምንቱ በስልክ እያናገርኩ፣ «ወሬ የለም?» ስትለኝ፣ አንተን አይቼ እንዴት የለም እላታለሁ? ዮፍታሄ ውሃውን ዘግቶ እጁን ጠረገና አጠገቤ ተቀመጠ። ያለውን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ፤ እንዳልጨምርና እንዳልቀንስ አስምሎኛል።

«እንግዲያው ሁሉንም ንገሯት። መሃል ያስቀመጥኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ተኛ ያልኩትም እኔ እንደሆንኩ ንገሯት። ያን ደብቃችሁ ዮፍታሄ ተገኘ ብላችሁ ደስ እንድታሰኟት አልፈልግም። ትስማ፣ ታልቅስ፣ እርሟን ታውጣ። ከዚያ በራሷ አፍ ስሜን ጠርታ አምጡልኝ ካለች ያን ቀን እደውላለሁ። ካልጠራችኝ ግን አታስገድዷት፣ እኔንም አትፈልጉኝ።» የከተማዋን ስም ለማንም እንዳልናገር ያስማለኝም ያኔ ነው። እሷ ሳትጠራው ዘመድ ሊያጽናናው ቢመጣ እዚያም መኖር እንደማይችል ነገረኝ። ትጠራሃለች፣ እናትህ እኮ ናት ስለው «አንቺ እሷን አይደለሽም» አለኝ።

መኪናው ድረስ ሸኘን። ቦርሳዬን እሱ ያዘልኝ። መንገድ ላይ የሚያውቁት ሰዎች ሰላም ሲሉት ማን እንደሆንኩ ለእያንዳንዳቸው ይነግራቸዋል። አድናን ኋላ እንደነገረኝ «ታላቅ እህቴ ናት፣ ከአሜሪካ መጥታ ነው» ነበር የሚላቸው። መኪና ውስጥ ስገባ ጎንበስ ብሎ ቀበቶዬን አሰረልኝ፣ ጠበቅ አድርጎም ሞከረው። ለአድናን «ቀስ ብለህ ንዳ» አለው። እስክንታጠፍ ድረስ እዚያው ቆሞ ነበር። አድናን ጥቂት ከነዳ በኋላ መንገድ ዳር አቁሞ ወረደና ብቻዬን ተወኝ። እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። አለቱ ከኋላ ይታየኝ ነበር።

ከተመለስኩ ወዲህ ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ከሆስፒታሉ ሰው ማንም አላወቀብኝም። አንድ ነገር ግን ሆኗል፤ የምንከባከበው በሽተኛ እንቅልፌ መጣ ሲለኝ ከአልጋው አጠገብ መራቅ ያቅተኛል። ትንፋሹን እየቆጠርኩ እቆማለሁ። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ጠርታ ሌሎቹ ክፍሎች ይጠብቁሻል አለችኝ። ለስለሺ ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ፍራኦል ትንሽ ልጅ ሳለ፣ አዳማ እያለን፣ ብስክሌት ያስተማረው እሱ ነውና ኩሽና ቆሞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሶሲ ምን ሆኖ ነው ስትል «አጎትሽ ሞቷል» አልናት። አይታው የማታውቀውን ሰው ስም ጠይቃኝ ጸለየችለት።

እንግዲህ የቀረው በአንቺ እጅ ነው፣ እትዬ። ይህን ሸክም አንቺ ላይ መጫኔ ያሳዝነኛል፤ ሌላ ሰው ግን የለንም። ለጋሽ ባዘዘው አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ የእማዬን ጠባይ ከወንድሟ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ፓስተሩንም ይዘው ይምጡ። የደም ግፊት መድኃኒቷን መዋጧን አረጋግጪ። ሁለቱንም ነገር በአንድ ማለዳ ንገሯት፤ የፍራኦልን አስቀድሙ። የዮፍታሄን ብታስቀድሙ ደስታዋ አፏ ላይ ሳለ የሌላውን ትጠይቃለች፣ ያን ጊዜ የሚመልስላት ሰው ምላሱ ይተሳሰራል። ድንኳን ይተከል። ልጁ ለቅሶ ይገባዋል፤ ዘጠኝ ዓመት ያለ ለቅሶ ቆይቷል። አንቺም አልቅሺለት፤ ጠንክሬ ልታይ አትበይ። የዮፍታሄን ቃል ደግሞ ለቅሶው ሰከን ሲል ሳታለሳልሺ እንዳለው ንገሪያት።

ምን ትላለች ብዬ ሌት ተቀን አስባለሁ። እናት ናት እላለሁ። ደግሞ የተጣላቻትን አክስታችንን ስንት ሰው አማልዶ ሳታናግራት እንደቀበረቻት ትዝ ይለኛል። እሱም ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው «አንቺ እሷን አይደለሽም» ያለኝ። እኔ መፍረድ አልችልም። እማዬም ብትፈርድበት እሷ ላይ መፍረድ አልችልም። አንቺም «አትጨክኚ» ብለሽ አትለምኛት፤ ከራሷ ካልመጣ እሱ አይቀበለውም።

ለሐሴት ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ትልቅ ልጅ ሆናለችና ከአያቷ አጠገብ እንዳትለይ። ለጋሽ ባዘዘው የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ የአባዬን ሬሳ ስለተሸከሙልን ዮፍታሄ ጉልበታቸውን ስሟል በያቸው፣ እንዲህ ብሎ ልኮኛል። ለጎረቤታችን ለፈድሉና ለቤተሰቡም ሰላም በይልኝ፤ ድንኳኑን ከማንም ቀድመው የሚተክሉት እነሱ እንደሆኑ አውቃለሁ። ስለሺ ጽኑ ብሏችኋል፣ ሶሲም እቅፍ አድርጋ ስማችኋለች።

ለእማዬ በዚህ ወረቀት ሰላምታ አልልክም። ሳትሰማ ሰላም ልላት አልችልም። ሥራ ላይ ስልክ ሎከር ውስጥ ነበር የምንተወው፤ አሁን አለቃዬን አስፈቅጄ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። የነገርሻት ቀን ብዙ አታውሪኝ፤ ስሙን ጠርታው እንደሆነ ብቻ ንገሪኝ።

እህትሽ ስጦታ

ላስ ቬጋስ፣ ኔቫዳ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.